የቫይኪንጎችን ጉዞና ንግድ ለልጆች እንዴት እናስተምር? በጠመኔ፣ በሚዛንና በሦስት ቁራ

ስዊድን ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከ8 እስከ 11 ዓመት የሆኑ ልጆች ናቸው። ስለ ቫይኪንጎች፣ ማለትም ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከዛሬዎቹ ስዊድን፣ ኖርዌይና ዴንማርክ በመርከብ ይወጡ ስለነበሩ ሰዎች፣ ትምህርት ቤታቸው በስዊድንኛ ይማራሉ። እኔ ጋ መጥተው "እስቲ በአማርኛ ንገሩኝ" ስላቸው ግን "ቲቸር፣ መርከብ ነበራቸው፣ ከዛ... ይዋጉ ነበር" ይሉና ያልቃል። ቤት ሲገቡም ለእናትና አባታቸው የሚነግሩት ይህንኑ ነው። ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመና ትምህርቱን በአማርኛ እንደ አዲስ ሠራሁት። አምስት ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ገደማ። መምህር ባትሆኑም ቤት ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ከጦርነቱ አትጀምሩ። ሰይፍና እሳት አንዴ ከገባ ልጆቹ ሌላ ነገር አይሰሙም። ከንግዱ ጀምሩ። ሚዛን ይዞ ብር ቆርጦ የገበያየ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች እስከ ባግዳድ ድረስ ምን እንደወሰዳቸው ይገባዋል፤ ዘረፋውንም ሲሰማ የት ቦታ እንደሚያስቀምጠው ያውቃል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ጠመኔ፣ ሜትር፣ ትልቅ የዓለም ካርታ፣ በሦስት ቀለም የሱፍ ክር፣ ሁለት ሦስት የልብስ መስቀያ፣ ባዶ የእርጎ ኩባያዎች፣ ሲባጎ፣ ግራጫ ፕላስቲሊን፣ የፕላስቲክ ቢላ፣ መጠናቸው እኩል የሆኑ 40 ያህል ዳዶዎች ከብረታ ብረት ሱቅ፣ ረጃጅም የወረቀት ቁራጮች። እንዝርት ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። እኔ የእናቴን ነው የምጠቀመው።

ሌላው ዓመተ ምሕረት ነው። እኛ ቤት ሁለት አቆጣጠር ስላለ ልጆቹ ይምታታባቸዋል። ሰሌዳው ጥግ ላይ "ሁሉም ቁጥር እ.ኤ.አ. ነው" ብላችሁ ጻፉና እስከ መጨረሻው አታጥፉት። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ይሳሉ

ምንም ሳትናገሩ "ቫይኪንግ ሳሉ" በሏቸው። አሥር ደቂቃ ስጡ። አብዛኞቹ ቀንድ ያለው የራስ ቁር ይስላሉ። አትሳቁ፣ አታርሙ፣ ወረቀቱን ሰብስባችሁ አስቀምጡት፤ መጨረሻ ላይ ይፈለጋል።

ከዚያ ንገሯቸው። ከቫይኪንግ ዘመን ቀንድ ያለው ቁር እስካሁን አልተገኘም። ያ መልክ ብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የቀረው በ1876 ጀርመን ውስጥ ለታየ ኦፔራ ከተሠራ ልብስ በኋላ ነው። ኖርዌይ ውስጥ በ1943 የተገኘው እውነተኛው ቁር ክብ ሲሆን ዓይን ላይ እንደ መነጽር ያለ ብረት አለው። ፎቶውን አሳዩአቸው፣ ይወዱታል።

እዚሁ ላይ ቃሉንም አስተካክሉ። በድሮው የስካንዲኔቪያ ቋንቋ "ቫይኪንግ መሄድ" ማለት በባሕር ዘመቻ መውጣት ማለት ነበር። የሕዝብ ስም አልነበረም። አብዛኛው ሰው ገበሬ ነበር፤ ገብስ ይዘራል፣ ከብት ያረባል። አንዳንዱ በበጋ መርከብ ላይ ይወጣል።

ደረጃ 2፦ ካርታው ላይ ሦስት ክር

ቀዩን ክር ከኖርዌይ ወደ ምዕራብ ዘርጉ፦ ፋሮ ደሴቶች፣ አይስላንድ (ከ870 አካባቢ ጀምሮ ሰፈሩባት)፣ ግሪንላንድ (985 ገደማ)፣ በመጨረሻም ካናዳ ውስጥ ኒውፋውንድላንድ። ሰማያዊው ከዴንማርክ ወደ እንግሊዝ፣ አየርላንድና ፈረንሳይ ይሂድ። በ793 ሊንዲስፋርን በምትባል የእንግሊዝ ደሴት ላይ ያለውን ገዳም የዘረፉት ሰዎች ስማቸውን ለዘላለም እንዳጠፉት እዚህ ላይ ንገሯቸው። ዋሽታችሁ አታለስልሱት፤ መነኮሳት ተገድለዋል። ግን ብዙ አትቆዩበት።

ቢጫው ክር ላይ ቆዩ። ከስዊድን ተነስቶ ባልቲክን ይሻገርና የዛሬዋ ሩሲያ ይገባል። እዚያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በዲኒፐር ወንዝ በኪየቭ አድርጎ ጥቁር ባሕር፣ ከዚያም ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) ይደርሳል። ሌላው በቮልጋ ወደ ካስፒያን ባሕር ይወርዳል፤ አንዳንዶቹ ነጋዴዎች ከካስፒያን ማዶ ዕቃቸውን ግመል ላይ ጭነው ባግዳድ ድረስ ሄደዋል። ወንዙ አልመች ሲል ወይም ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው መሻገር ሲኖርባቸው ጀልባዋን በየብስ ይጎትቷት ነበር። ልጆቹን አስነሱና አንድ ጠረጴዛ በጋራ ተሸክመው ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሂዱ። ከዚህ በኋላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ቁስጥንጥንያ የሚለውን ስም ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ልጆች ሰምተውታል። ቫይኪንጎች "ታላቋ ከተማ" ይሏት ነበር። አንዳንዶቹ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ወታደር ሆነው እዚያው ተቀጥረዋል። ሐጊያ ሶፊያ በምትባለው የከተማዋ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በላይኛው ፎቅ የእምነበረድ መከለያ ላይ አንዱ ስሙን በራሳቸው ፊደል ጭሮ ጽፏል፦ ሃልፍዳን። ጠረጴዛ ላይ ስማቸውን የሚጭሩ ልጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ። ሩን የሚባለው ያ ፊደል በዚያ ዘመን 16 ምልክት ብቻ ነበረው። ሠንጠረዡን ስጧቸውና የየራሳቸውን ስም ይሞክሩ፤ ለ"ጰ" እና ለ"ጨ" ምልክት ሲያጡ የእኛ 231 ፊደል ለምን እንደሚጠቅም ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ደረጃ 3፦ መርከቡን ግቢው ላይ ሳሉት

ወደ ውጭ ውጡ። በጠመኔ ሁለት መርከብ በእውነተኛ መጠናቸው ሳሉ። ሁለቱም ዴንማርክ ውስጥ ሮስኪልድ ፊዮርድ ከሚባል የባሕር ወሽመጥ በ1962 ከወጡት አምስት መርከቦች መካከል ናቸው። አንደኛው የጦር መርከብ ነው፦ ርዝመት 30 ሜትር፣ ወርድ 3.8 ሜትር፣ ከ60 በላይ ሰው። ሁለተኛው የንግድ መርከብ ነው፦ ርዝመት 16 ሜትር፣ ወርድ 4.8 ሜትር፣ ከ6 እስከ 8 ሰው።

ልጆቹን አስገቡና ጠይቋቸው፦ "ይሄኛው አጭር ሆኖ ለምን ሰፋ?" ዝም በሉና ጠብቁ። የንግዱ መርከብ 24 ቶን ይጭናል፣ ማለትም 240 ኩንታል። የጦሩ ቀጭንና ፈጣን ነው፣ ግን ሰው ከሞላው ዕቃ የት ይገባል?

አሠራሩን ለማስረዳት ሩቅ አትሂዱ። ጣውላዎቹ ልክ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ አንዱ በሌላው ጠርዝ ላይ ተደርቦ በብረት ሚስማር ይያያዛል። በመሃል በዝፍት የተነከረ ሱፍ ይገባበታል፣ ውኃ እንዳያስገባ። መርከቧ ቀላል ናት፣ ማዕበል ሲመታት ትንሽ ትተጣጠፋለች፣ አትሰበርም።

አሁን እንዝርቱን አውጡ። ሸራው የሚሠራው ከበግ ሱፍ ነበር፤ ክሩ በሙሉ በእጅ ይፈተላል፣ ይህን የሚሠሩት ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። እኔ ጥጡን ይዤ እንዝርቷን ሳሽከረክር አንድ ሜትር ክር እስኪወጣ ልጆቹ ይቆጥራሉ። ከዚያ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሚሆን አራት ማዕዘን በጠመኔ አሰምሩ። ያን የሚያክል ሸራ ስንት ኪሎ ሜትር ክር እንደሚበላ አስቡት። እነሱም ሲያስቡት ዝም ይላሉ። መርከብ ሲባል የሚታየን ጢማሙ ሰውዬ ብቻ ነው፤ ያለ እነዚያ ሴቶች ግን ከወደቡ ባልተንቀሳቀሰም ነበር።

ደረጃ 4፦ ኮምፓስ የለም፣ ካርታም የለም

"የቁራ መልእክተኛ" የሚለውን አባባል መጀመሪያ አስተምሯቸው። ኖኅ ከመርከብ ቁራ ላከ፣ ቁራው ሳይመለስ ቀረ፤ ስለዚህ ተልኮ የሚቀረውን ሰው እንዲህ እንላለን። ይህ ሲገባቸው የፍሎኪን ታሪክ ንገሯቸው። የአይስላንድ የጥንት ጽሑፎች እንደሚተርኩት ፍሎኪ አይስላንድን ሊፈልግ ሲወጣ ሦስት ቁራ ይዞ ነበር። የመጀመሪያውን ሲለቀው ወደመጣበት ወደ ኋላ በረረ። ሁለተኛው ወደ ላይ ወጥቶ ዙሪያውን አየና መርከቡ ላይ ተመልሶ አረፈ። ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ሄደ፣ አልተመለሰም። ፍሎኪ ተከተለውና መሬት አገኘ። እዚህ ታሪክ ላይ ቁራው መቅረቱ የምሥራች ነው! ልጆቹ ይህን ልዩነት ራሳቸው እስኪያገኙት ድረስ አትንገሯቸው።

ሜዳ ላይ አጫውቷቸው። ሦስት ልጅ ቁራ ይሁን፣ የቀሩት እጅ ለእጅ ተያይዘው መርከብ። አንድ ጥግ ላይ "አይስላንድ" የሚል ወረቀት ደብቁ።

ከዚያ ስለ መንገድ አነጋገር። ከኖርዌይ ወደ ግሪንላንድ ለሚሄድ ሰው የተጻፈ አንድ የጥንት መመሪያ አለ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ወደ ምዕራብ ቅዘፍ፤ ሼትላንድ በጠራ ቀን ብቻ የምትታይህን ያህል ራቅ ብለህ እለፍ፤ ፋሮ ጋ ስትደርስ ባሕሩ የተራሮቹን ግማሽ የሸፈነ እስኪመስልህ ወደ ደቡብ ራቅ፤ አይስላንድን ደግሞ ወፎቿና ዓሣ ነባሪዎቿ እስኪታዩህ ድረስ ብቻ ተጠጋት። ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቤቱን ሲጠቁም "ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ጥቁሩ በር ጋ ስትደርስ ወደ ውስጥ ግባ" ነው የሚለው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስከ ቤታቸው ያለውን መንገድ እንደዚህ ይጻፉ። የመንገድ ስም አይፈቀድም፣ ስልክ አይፈቀድም። አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በአማርኛ ካጻፍኳቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ የተሳካልኝ የለም።

ባሕሩ ግን ምሕረት እንዳልነበረው ማወቅ አለባቸው። ቀዩ ኤሪክ ሰፋሪዎችን ይዞ ወደ ግሪንላንድ ሲሄድ 25 መርከብ ተነሳ፤ የደረሱት 14 ናቸው። 25 የወረቀት ጀልባ ደርድሩና አንድ በአንድ 11 አንሡ። ቀስ ብላችሁ።

ደረጃ 5፦ ገበያው

ዋናው ይሄ ነው። ሙሉ ሰዓት ስጡት፣ ከተቻለም አንድ ተኩል።

ሚዛኑን ልጆቹ ይሥሩት። በልብስ መስቀያው ሁለት ጫፍ እኩል ርዝመት ባለው ሲባጎ የእርጎ ኩባያ ይንጠልጠል፣ መስቀያው በር እጀታ ላይ ይሰቀል። ዳዶው የመመዘኛ ድንጋይ ነው። ፕላስቲሊኑ ደግሞ ብር ነው፦ በጣት ውፍረት አድቦልቡሉት፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አሥር ዳዶ የሚመዝን ስጡ።

ለምን በሚዛን? ምክንያቱም ቫይኪንጎች ለረጅም ጊዜ ብርን በቁጥር አይገበያዩበትም ነበር፣ በክብደት እንጂ። ድርሃም የሚባለው የባግዳድ የብር ሳንቲምም ሆነ የእጅ አምባር ሚዛን ላይ ከወጣ ያው ብር ነው፤ ቢበዛ ይቆረጣል። ነጋዴው ታጣፊ ሚዛን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ኤይሪር የሚሉት መለኪያ 27 ግራም ገደማ ነው። የእኛ ወቄት 28 ግራም ገደማ! ልጆቹ አያቶቻቸውን ስለ ወቄት ይጠይቁ፣ አሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ ይሠራ እንደነበር ይስሙ።

ገበያው ቢርካ ነው። ቢርካ ስቶክሆልም አጠገብ ሜላረን ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ከ750 ገደማ እስከ 975 ገደማ የቆየች የንግድ ከተማ ናት። አራት ቡድን አድርጓቸው። የሰሜኖቹ የእንስሳት ፀጉራም ቆዳና ዋልረስ የሚባል የባሕር እንስሳ ጥርስ ይዘው ይመጣሉ። የባልቲኮቹ ማር፣ ሰምና አምበር፣ ማለትም ድንጋይ የሆነ የጥንት ዛፍ ሙጫ። ከፍራንኮች አገር (ከዛሬዎቹ ፈረንሳይና ጀርመን አካባቢ) የመጡት ሰይፍ፣ የብርጭቆ ዋንጫና ወይን። ከምሥራቅ የመጡት ሐር፣ ቅመምና ዶቃ። ዕቃዎቹን በካርድ ሥሩ። ለእያንዳንዱ ቡድን በድብቅ "እነዚህን ሦስት ነገሮች ይዘህ ተመለስ" የሚል ወረቀት ስጡ።

ዋጋ አትወስኑ። ይከራከሩ! ከመጀመራችሁ በፊት ግን በገበያ አማርኛ አሟሙቋቸው፦ ስንት ነው? ይህማ ተወደደ። ቀንሱልን። መርቁልን። "ምርቃት" የሚለውን ቃል አንዴ ካወቁት ሰዓቱ እስኪያልቅ "ምርቃቱስ?" እያሉ ነው።

አንድ ብልሃት ልስጣችሁ። ከብሩ ውስጥ አንዱን ቁራጭ ጠጠር ከትታችሁበት ሸፍኑት። እኔ ክፍል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያን ቁራጭ ተቀብላ ስትቆርጠው ቢላዋ ድንጋይ ነካ። ጮኸች። ከዚያ በኋላ የሚሰጣትን ብር ሁሉ ጠርዙን በቢላ ጫር ሳታደርግ አልተቀበለችም። ማንም ያላት የለም። ወዲያው በላዩ ላይ የቢላ ጭረት ያለበት የቫይኪንግ ዘመን ሳንቲም ፎቶ አሳየኋት። እነሱም ብሩ ንጹሕ መሆኑን የሚፈትኑት እንደዚያ ነበር። ፎቶውን እያየች ብዙ ቆየች።

ጨዋታው ሲያልቅ ቁጥሩን ንገሯቸው። በ1999 ጎትላንድ ደሴት ላይ ስፒሊንግስ በሚባል እርሻ ውስጥ 67 ኪሎ ብር ተቀብሮ ተገኘ። 14,295 ሳንቲም ነበረው፣ አብዛኛው የእስላም አገሮች ድርሃም። በተጨማሪ ኢብን ፋድላን የሚባል መልእክተኛ ከባግዳድ ተልኮ በ922 ቮልጋ ዳር ያያቸውን ነጋዴዎች አንሡላቸው፦ ቁመታቸው እንደ ቴምር ዛፍ ነው ይላል፣ ሴቶቻቸው አረንጓዴ ዶቃ ከሁሉ አብልጠው ይወዳሉ ይላል። ሁሉም በአንድ ገንዳ ቆሻሻ ውኃ ፊታቸውን መታጠባቸውም አስጠልቶት ጽፏል፤ ይህቺን ልጆቹ አይረሷትም።

የሚከብደው ክፍል

ገበያው ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን መዝለል አይቻልም፤ ያ ሁሉ ብር ወደ ሰሜን የመጣበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ነው። በዘረፋ የሚያዙ ሰዎች ደብሊንን በመሰሉ ገበያዎች ይሸጡ ነበር።

ሁለት ነገር አደርጋለሁ። የሰው ካርድ በፍጹም አልሠራም፤ ልጅ በጨዋታ ሰው መግዛትና መሸጥ የለበትም። ሁለተኛ፣ ጨዋታው ካበቃ በኋላ ክብ ሠርተን ተቀምጠን በቀጥታ እነግራቸዋለሁ። "በባርነት የተሸጡ ሰዎች" እላለሁ እንጂ ያቺን በእኛ ሰፈር ለስድብ የምትውለውን ቃል አልጠቀምም። ለምን እንደማልጠቀምም እነግራቸዋለሁ። ስዊድን ውስጥ ባርነት በሕግ የቀረው በ1335 ነው። በእኛ አገር በሕግ የተከለከለው በ1942 ነው። "ቲቸር፣ የኛ አያቶች ጊዜ ማለት ነው?" ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። አዎ። ጥያቄ ከመጣ ሰዓት አትዩ።

ደረጃ 6፦ ዓመቱን ራሳቸው ያግኙት

ኒውፋውንድላንድ ውስጥ ላንስ ኦ ሜዶውስ የሚባለውን የቫይኪንግ ሰፈር ሄልገ ኢንግስታድና ባለቤቱ አርኪዮሎጂስቷ አን ስቲነ ኢንግስታድ በ1960 አገኙት። ትክክለኛው ዓመት የታወቀው ግን በ2021 ነው። አሠራሩ ልጆች የሚሠሩት ዓይነት ነው።

በ993 ከፀሐይ እንደመጣ የሚታሰብ ኃይለኛ ጨረር ዓለም ላይ ባሉ ዛፎች ሁሉ፣ የዚያ ዓመት ቀለበት ውስጥ ምልክት ጥሏል። በብረት መሣሪያ የተቆረጡ እንጨቶች እዚያ ሰፈር ተገኙ። ምልክት ካለበት ቀለበት እስከ ቅርፊቱ ሲቆጠር 28። ለልጆቹ ረጅም ወረቀት ስጡ፣ መስመሮች አሰምሯቸው፣ አንዱን በቀይ ቀብታችሁ 993 በሉት። ከእሱ ቀጥሎ እስከ ቅርፊቱ 28 መስመር ይኑር። ይቁጠሩ፣ ይደምሩ። 1021 ሲያገኙ ሳይንቲስቶቹ ያገኙትን ነው ያገኙት። ከኮሎምበስ 471 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ክብ ቀለበት ለማሳል አትሞክሩ፣ እኔ ሞክሬ ልጆቹ በአሥረኛው ክብ ላይ ሰለቻቸው።

እዚያው ሰፈር የአንድ የዋልነት ዘመድ ፍሬ ልጣጭ ተገኝቷል፤ ዛፉ ደግሞ እዚያ አይበቅልም፣ ወደ ደቡብ እንጂ። "እንግዲህ ከየት መጣ?" ብላችሁ ተዉአቸው። አገሩም ባዶ እንዳልነበር አትርሱ። ትረካዎቹ እንደሚሉት ከነባሮቹ ሕዝቦች ጋር ቀይ ጨርቅ በቆዳ ለወጡ፣ ኋላ ተጣሉ፣ ቫይኪንጎቹ ለቀው ሄዱ።

ደረጃ 7፦ አንድ ዕቃ፣ አንድ መንገድ

ለፈተና ጥያቄና መልስ አላዘጋጅም። ሄልጎ (Helgö) በምትባል ሜላረን ሐይቅ ላይ ባለች ደሴት ከ9 ሳንቲ ሜትር ያነሰ የነሐስ ቡድሃ ተገኝቷል፤ የተሠራው በሰሜናዊ የህንድ ክፍለ አህጉር በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። እዚያው ደሴት ላይ ለዘመናት ጳጳስ ይመጣልን ከነበረው ከግብፅ የመጣ የኮፕቶች የነሐስ ጭልፋም ተገኝቷል። ሁለቱም ስቶክሆልም የታሪክ ሙዚየም ናቸው። ልጁ አንዱን ይምረጥና "እኔ ጭልፋ ነኝ፣ የተሠራሁት..." ብሎ እስከ ስዊድን ያለውን መንገድ በካርታው ላይ በጣቱ እያሳየ ይተርክ። በእጅ ከእጅ፣ በብዙ ሰው አልፎ ሊመጣ እንደሚችል ማሰብ አለበት። ሦስት ደቂቃ በቂ ነው።

በመጨረሻም የመጀመሪያውን ቀን ሥዕል መልሱላቸውና ከጎኑ አዲስ ይሳሉ። ባለፈው ዓመት አንዱ ልጅ ሰውዬውን ያለ ቀንድ ሣለና እጁ ላይ ሚዛን አስያዘው። ከኋላው አንዲት ሴት እንዝርት ይዛ ቆማለች። "ይህቺስ ማናት?" አልኩት።

"ሸራውን የሠራችው ናታ" አለኝ።